ጋሽ ፍሬን ብሩሽ ሲይዝ

አፉ ነው ያመጣበት። እጁ በዚህ ጉዳይ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ያን ቅዳሜ ከሰዓት እጁ በልጁ አማቾች ሳሎን የሻይ ስኒ ይዞ በሰላም ተቀምጦ ነበር።

ሰውየው የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነው። ሠልጣኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ጋሽ ፍሬን»። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ምክንያቱ ግን ይታወቃል። የማሠልጠኛ መኪና አሠልጣኙ በሚቀመጥበት በኩልም ፍሬን አለው። ጋሽ ፍሬን ያንን ፍሬን የሚረግጠው አደጋ ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ አደጋ ሊመጣ ይችላል ብሎ ሲያስብም ይረግጣል፣ እሱ ደግሞ ማሰብ አያቆምም። ቅጠል ከዛፍ ሲወርድ ይረግጣል። የደመና ጥላ አስፋልት ሲያቋርጥ ይረግጣል። እሱ ጋ የሠለጠነ ሰው መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ብቻውን ሲነዳ መጀመሪያ የሚገርመው ነገር መኪና ሳይቆም ይህን ያህል መሄድ መቻሉ ነው።

ወደ ሻዩ እንመለስ። ልጁ ልታገባ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች የተገናኙት የሠርጉን ሥራ ለመከፋፈል ሲሆን፣ አከፋፋይዋ የሙሽራው እናት ናቸው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ጡረታው ግን እስካሁን አልደረሰባቸውም። አዳራሹን ለሙሽራው አጎት ሰጡ፣ አበባውን ለራሳቸው ያዙ፣ ልብሱን ለሙሽራዋ እናት፣ ፎቶውን ለሙሽራው ጓደኛ። ሳሎኑን በዓይናቸው ዞረው ዞረው ጋሽ ፍሬን ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ።

«እርስዎማ ይረፉ» አሉት። «የሙሽራ አባት ነዎት። እንደ እንግዳ ደስ ብሎዎት መምጣት ብቻ ነው።»

በአክብሮት ነው የተባለው፤ አክብሮቱ ላይ እንከን አይወጣለትም። ግን «እንደ እንግዳ» የሚለው ነገር ከነከነው። በገዛ ልጁ ሠርግ እንግዳ። ገብቶ፣ በልቶ፣ አጨብጭቦ የሚወጣ። ሌላው ሁሉ አንድ ነገር ተሸክሞ ሲሯሯጥ እሱ በሙሉ ልብስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታየው። ሲያስበው የሶፋው ትራስ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ወሬው ቀጥሎ ወደ አዳራሹ በር ዞረ። በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። አጎትየው ማተሚያ ቤት እንስጠው አለ። ዳይሬክተሯ የማተሚያ ቤት ጽሑፍ ነፍስ የለውም፣ በእጅ የተጻፈ ነበር የሚያምረው፣ አሁን ግን እንዲያ የሚጽፍ ከየት ይመጣል ብለው ተከዙ። አፉ የተከፈተው ይሄኔ ነው።

«እሱን እኔ እጽፈዋለሁ» አለ ጋሽ ፍሬን። «በእጄ።»

ባለቤቱ ያለ ፍሬቻ ታጥፎ የገባባትን መኪና በምታይበት ዓይን አየችው። ልጁ ስኒዋን በአፏና በጠረጴዛው መሃል አየር ላይ አቁማ ቀረች።

«ቁም ጽሕፈት ይችላሉ እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ትንሽ ትንሽ። በብሩሽ ነው የምሞክረው።» ብሩሽ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም፤ ምናልባት ልጁ ስልኳ ላይ ስታይ አይቶ ይሆናል። ከዚያ፣ ያልተጠየቀውን ጨመረበት፤ «ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ፍሬን በሕይወቱ በእጁ ደጋግሞ የጻፈው ቃል «ይደግም» የሚለው ነው፤ ፈተና የወደቀ ሠልጣኝ ስም ፊት። እሱንም የማሠልጠኛው ጸሐፊ ማንበብ አቅቷት፣ ቃሉ መቼም አይለወጥም በሚል በግምት ነው የምትቀበለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤቱ መታጠፊያው ላይ ጠየቀች።

«በምንህ ልትጽፍ ነው?»

«በብሩሽ።»

«ብሩሽ አለህ?»

«የጥርስ አለው» አለች ልጁ ከኋላ ወንበር።

ደውሎ ቀልዴን ነበር ማለት ይችል ነበር። አስቦታልም። ግን ቀልዴን ነበር ካለ ያችው ወንበር ትጠብቀዋለች፤ ያውም ከእንግዳነቱ ላይ ቀላማጅነት ተጨምሮበት።

*

ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ፎቅ ላይ የብሩሽ ጽሕፈት ትምህርት እንደሚሰጥ ያወቀው ብሩሽ ሊገዛ የገባ ዕለት ነው። ሻጩ ያወጣለት ነገር ከሩቅ ሲያዩት ተራ እስክሪብቶ ነው፤ ጫፉ ግን በብረት ፈንታ የሚተጣጠፍ ስስ ብሩሽ ነው። ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል፣ ሲያላሉት ይቀጥናል። ጋሽ ፍሬን በሻጩ ፊት መሞከሪያ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አወረደ። ሻጩ መስመሩን አየ፣ ከዚያ ወደ ደረጃው ጠቆመ። «ትምህርቱ ከላይ ነው» አለው።

አስተማሪዋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ናት። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ከጋሽ ፍሬን ጋር አንድ ጠረጴዛ የደረሳት ጡረታ የወጣች ነርስ ስትሆን ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። የመጀመሪያው ቀን ፊደል አልነበረም። አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ መስመር ብቻ እያሠመረች፣ ወደ ታች ስትወርዱ ጫን፣ ወደ ላይ ስትወጡ ለቀቅ፣ ዛሬ ይሄው ነው አለች።

ጋሽ ፍሬን ልቡ ሞላ። ይሄ እኮ ፍሪሲዮን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስተምር የኖረው ይሄንኑ ነው፤ መጫንና መልቀቅ። ወደ ሲስተር ጠጋ ብሎ አስረዳት። መርገጡ ማንም ይችለዋል፣ ዋናው አለቃቀቁ ነው፣ ስትለቂው እንደ ተኛ ሕፃን አድርገሽ አስቢው አላት። ሲስተር አመሰገነችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወረቀቷን በቀጫጭንና በወፋፍራም መስመሮች ሞላችው፤ ዝናብ በመስኮት የሚወርድ ይመስላል።

የእሱ ወረቀት ላይ የወረደው መኪናው ራሱ ነው። ሲወርድ ወፍራም፣ ሲወጣም ወፍራም፤ መሃል ላይ የተንሸራተተ ጎማ አሻራ። እጁን ለማላላት በሞከረ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። በውስጡ «ቀስ በል! ቀስ አልኩህ እኮ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ድምፁን ያውቀዋል። ለስንት ሠልጣኝ ብሎታል። አሁን ከወዲያኛው ወንበር ሆኖ ሲሰማው አንድ ነገር ገባው፤ ይሄ ምክር ለማንም ምንም አይረዳም።

አስተማሪዋ ዞራ መጥታ እስክሪብቶውን አነሣችው። ጫፉ ተከፍቶ ጠርሙስ ማጠቢያ መስሏል።

«ጫፉን ምን አደረጉት?»

«ጻፍኩበት» አለ ጋሽ ፍሬን።

ብሩሽ አይገፋም፣ ይጎተታል እንጂ ብላ አሳየችው። ወረቀቱንም አየች፤ ከማሠልጠኛው ያመጣው ያገለገለ የፈተና ወረቀት ጀርባ ነው፣ ሻካራ ስለሆነ ብሩሹን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለስላሳ ወረቀት ይግዙ አለችው። ሳትቆጣ ነው ያለችው። እሱ ቁጣ ነበር የጠበቀው፣ ስላልመጣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሌላ ችግር ነበር። ጠረጴዛው ይዘላል። ሲስተር ቀጭን መስመሯን ወደ ላይ ስታወጣ ድንገት ድም ይላል፣ መስመሯ ይሰበራል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ሕንፃው ይንቀጠቀጣል መሰለኝ አለች። ጋሽ ፍሬን ተስማማ። ሕንፃ በችኮላ ሲሠራ እንዲህ ነው፣ ከሥር መኪና ባለፈ ቁጥር መሠረቱ ይሰማዋል ብሎ ሰፋ አድርጎ አብራራላት። አስተማሪዋም ሰምታ ወደ ወለሉ አየት አደረገች።

*

በሽታው ወደ ሥራ ተከተለው። መኪና ውስጥ ሠልጣኟ መሪ ይዛ እሱ ደግሞ በጣቱ ዳሽቦርዱ ላይ መስመር ያወርዳል። ወደ ታች ጫን፣ ወደ ላይ ለቀቅ። ጫን ባለ ቁጥር መኪናው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። ሠልጣኟ ልቧ ወርዶ ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ አለችው።

«እስካሁን ምንም» አላት። «ልታጠፊ ስትይ ነው የደረስኩልሽ።»

ቤት ደግሞ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ያዘ። ለስላሳ ወረቀት ገዛ፣ አዲስ እስክሪብቶ ገዛ፣ ባለቤቱን ከድንች መላጫ ቦታዋ አስነሣ። አንድ ቀን ከሥር ያለው ጎረቤት በሩን አንኳኳ። ይቅርታ እየጠየቀ፣ ሚስማር እየመታችሁ ከሆነ ቆይታችሁ ብትመቱ፣ ልጄን ላስተኛ ነበር አለ። ጋሽ ፍሬን ብሩሹን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ፣ እዚህ ቤት የሚመታ ነገር የለም፣ እኔ ጽሕፈት ላይ ነኝ፣ ድምፁ ከላይ ይሆናል አለው። ጎረቤቱ አመስግኖ ወደ ላይ ወጣ። ከላይ ያሉትም ሰዎች ጨዋ ስለሆኑ ይቅርታ ጠይቀው መለሱት።

ባለቤቱ ይሄን ሁሉ ከወጥ ቤቱ ሰማች። ድንቿን ላጠች።

ፊደል ሲጀመር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የእሱ ነገር «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ ስለሆነ አስተማሪዋ ፊደሎቹን ለይታ ሰጠችው። ደ ከፋች። ሦስቴ የተጋጨ ብስክሌት መሰለች። ኳ ከእግሯ ሥር ያለችው ሰረዝ አላርፍ አለችው። መ መነጽር መሆን ሲገባት አንዱ ዓይኗ ያበጠ ቦክሰኛ ሆነች። የወደዳት ጡን ብቻ ነው፤ ከጎኗ የምትወጣው መስመር በመስኮት እጁን አውጥቶ መታጠፉን የሚያሳይ ሾፌር ትመስላለች። ግን ጡ ስትጻፍ ሦስት እግር ወደ ታች ይወርድላታል፤ ሦስቱም ላይ ሕንፃው ተንቀጠቀጠ።

ሠርጉ እየተቃረበ መጣ። ዳይሬክተሯ በልጁ በኩል እየላኩ ጽሑፉ እንዴት ሆነ ይላሉ። ልጁም ማታ ወጥ ቤት ገብታ ወረቀቶቹን ታያለች፣ አባቷን ታያለች፣ «ጥሩ ነው አባዬ» ትላለች። ይሄን አነጋገር ያውቀዋል። እሱም ፈተና የማያልፍ ሠልጣኝን ለማጽናናት የሚለው እንዲሁ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ማተሚያ ቤቱ በአንድ ቀን ያደርሳል ይባላል አለች፤ እንዲያው ለወሬ ያህል። ጋሽ ፍሬን ያን ቀን አንድም ፊደል መጻፍ አልቻለም።

*

ነገሩን የገለጠው ላጲስ ነው። የአስተማሪዋ ላጲስ ተንከባልሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ልታነሣ ጎንበስ አለች፣ ሳትነሣ እዚያው ቀረች።

«ጋሼ» አለች ከጠረጴዛው ሥር፣ «እግርዎ ምን እየሠራ ነው?»

«ምንም።»

«እስቲ አንድ መስመር ወደ ታች ያውርዱ።»

አወረደ። ድም።

«ይድገሙት።»

ድም።

ሲስተር ጎንበስ አለች። ከኋላ ያሉትም ተነሥተው መጡ። ክፍሉ በሙሉ በርከክ ብሎ የጋሽ ፍሬንን ቀኝ እግር ሲያይ፣ እሱ ራሱ ከሁሉም ኋላ አጎንብሶ አየው። ጫማው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እጁ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እግሩ ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን ፈልጎ ይረግጣል። ምን ያድርግ፤ አንድ ነገር ወደ ታች ሲወርድ አይቶ ዝም ማለት አልተማረም። እግሩ ሲረግጥ ወገቡ ይጠነክራል፣ ወገቡ ሲጠነክር ትከሻው፣ ትከሻው ሲጠነክር እጁ፤ ብሩሹ ላይ የሚደርሰው የመኪና ማቆሚያ ጉልበት ነው።

«ታዲያ ሕንፃው ደህና ነዋ» አለች ሲስተር። ነርስ ስለሆነች ነው መሰል አልሳቀችም። ሌሎቹ ግን ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፣ ምክንያቱም ስለ መሠረትና ስለ ችኮላ ያደረገው ንግግር ቃል በቃል ትዝ አለው።

አስተማሪዋ ወደ ታች ወርዳ ሻጩ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ የሚወጣበትን ረጅም ወንበር ይዛ መጣች። እዚህ ላይ ይቀመጡ አለችው። ተቀመጠ። እግሮቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ፀጉሩን ሊቆረጥ እንደመጣ ሕፃን ሆኖ ብሩሹን አነሣ፣ አንድ መስመር አወረደ። እግሩ ረገጠ፤ የሚረገጥ ነገር አጣ፣ አየሩን ቀዝፎ ተመለሰ። መስመሩ ሲወርድ ወፈረ። ሲወጣ እንደ ፀጉር ቀጠነ።

ጋሽ ፍሬን ወረቀቱን ብዙ አየው። ከዚያ ማን ጻፈው በሚል ዓይን ዙሪያውን ተመለከተ።

ቤት ገብቶ ግኝቱን ለባለቤቱ ሲነግራት እሷ ዕቃ ማጠቧን አላቋረጠችም።

«አታውቅም ነበር እንዴ?» አለችው። «አልጋ ላይም እኮ ትረግጣለህ።»

ቤት ረጅም ወንበር ስለሌለ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ምድጃው ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጭኑ ላይ የመክተፊያ እንጨት አስደግፎ ይጽፋል። ባለቤቱ ማንኪያ ስትፈልግ እግሩን ወደ ግራ ትገፋለታለች፣ ቢላ ስትፈልግ ወደ ቀኝ። ጎረቤቱ ደረጃ ላይ ሲያገኘው ከላይ ያሉት ሰዎች ተሻሽለዋል ብሎ ነገረው። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት ትልቁ ወፍራም ወረቀት ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ወጣች። ደ በሁለት እግሯ ቆማለች። መ በሁለቱም ዓይኗ ታያለች። ጡ መስኮት ከፍታ እጇን አውጥታለች። ልጁ መጥታ አየች። «ጥሩ ነው» አላለችም፤ በዚህም አወቀ።

*

ጽሑፉን ይዘው ለሁለተኛ ጊዜ አማቾች ጋ ሄዱ። ጋሽ ፍሬን ብሩሹንም ኮት ኪሱ ላይ ሰክቶ ነበር፤ ሰው ይየው ብሎ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ምነው ቤት በተወው።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አዩት። በጣም ያምራል አሉ። አጎትየውም አንገቱን አስግጎ፣ ወይ መታደል፣ የየትኛው ማተሚያ ቤት ሥራ ነው አለ። ለማድነቅ ነው ያለው። ባለቤቱ ግን የሌለ ኮፍያ የምታስተካክል ይመስል ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች።

«በእጄ ነው» አለ ጋሽ ፍሬን።

«እንግዲያው ደግ» አለ አጎትየው፣ «አዳራሹ ሁለት በር ነው ያለው። አንድ ይጎድለናል።»

ቤቴ ጽፌ እልካለሁ ሲል ዳይሬክተሯ ተነሥተዋል። ወፍራም ወረቀት አላቸው፤ እሳቸው የሌላቸው ነገር የለም። የሻይ ጠረጴዛው ላይ አነጠፉለት። ብሩሹ ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ሲጽፉ ማየት እፈልጋለሁ አሉት፣ ተማሪዎቻቸውን ሰሌዳ ላይ በሚያወጡበት ድምፅ።

ሶፋው ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር ይደርሳል። ወለሉ ሸክላ ነው። ሁለቱም እግሩ ሸክላው ላይ ደልደል ብሎ ተቀምጧል። ዘዴ አሰበ፤ ሁለቱንም እግሩን ብድግ አደረጋቸው። ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መሰለ። አጎትየው ወለሉ ረጥቧል እንዴ ብሎ ጠየቀው። እግሩን መለሰ። አሁን ካበላሸ ያመጣው ጽሑፍ የማተሚያ ቤት ሊሆን ነው፣ እሱም በልጁ አማቾች ፊት ውሸታም፣ ለዚያውም እንግዳ። ሁሉም አንገቱን አስግጓል። ብሩሹን አወረደ።

ድም።

ብርጭቆዎቹ ጮኹ። የስኳር ማንኪያው ዘሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ዳይሬክተሯ ደረታቸውን ይዘው ጓዳ ውስጥ ምን ወደቀ አሉ። ወረቀቱ ላይ እ ቆማለች፤ አንገቷ የድልድይ ምሰሶ ያህላል።

«ወረቀቱ ነው» አለ አጎትየው ሊያግዘው ፈልጎ። «አንዳንድ ወረቀት ያስቸግራል።»

ጋሽ ፍሬን ብሩሹን ሊያስቀምጥ ነበር። ልጁ እስካሁን ማዶ፣ ከሙሽራው ጎን ነበረች። ተነሥታ መጣች። ሌላ ወረቀት አነጠፈችለትና አጠገቡ፣ በቀኙ በኩል ተቀመጠች። ጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ጫማው ላይ አኖረች። ቀስ ብላ አይደለም፤ አጥብቃ።

«ጻፍ አባዬ» አለች።

ጻፈ። ብሩሹ ሊወርድ ሲል እግሩ ሊነሣ ፈለገ፣ ከላይ የልጁ እግር አለ። አልተነሣም። እ ወረደች፣ ቀጥናም ወጣች። ን ተከተለች። ሳይቆይ አንድ ነገር ገባው። ልጁ ወለሉን አታይም፣ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ እግሯ ግን የእሱ እግር ከማሰቡ በፊት ቀድሞ ይጫናል። መቼ እንደሚረግጥ ታውቃለች። መንዳት የተማረችው እሱ ጋ ነው፤ ስንት ወር ከዚህ እግር አጠገብ ተቀምጣ ሙሉ በሙሉ አጥንታዋለች። እሱ ያስተማራት መሪና ማርሽ መስሎት ነበር።

ኳ ላይ ሰረዟ አረፈች። ደ ቆመች። ህ፣ ና፣ መ። ጡ ስትደርስ ሦስቱ እግሮች ወርደው እጇን ልታወጣ ስትል የጋሽ ፍሬን እጅ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ በእግሩ አይደለም፣ በሌላ ነገር ነው። የጡ እጅ እንደ ሽማግሌ እጅ እየተርገበገበች ወጣች።

ልጁ እግሯን አላነሣችም።

ዳይሬክተሯ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው መረመሩ። የመጀመሪያው ይበልጣል አሉ። ፈተና አርመው ስለኖሩ አያለሳልሱም። ሁለተኛው ላይ ጡ ተንቀጥቅጣለች።

«የመጀመሪያውን የጻፍኩት ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጬ ነው» አለ ጋሽ ፍሬን። አንዴ አፉ ስለተከፈተ ቀጠለ፤ እግሬን አንጠልጥዬ ካልሆነ አልችልም፣ ብርጭቆዎቹን ያስጮኻቸው እግሬ ነው፣ ቆይቻለሁ ያልኩትም ውሸት ነው፣ ያን ቀን እዚህ ከመምጣቴ በፊት ብሩሽ በእጄ ነክቼ አላውቅም አለ።

ባለቤቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዳይሬክተሯ በመነጽራቸው ላይ አዩት፤ ዘግይቶ የመጣ ተማሪን የሚያዩት እንዲህ መሆን አለበት።

«የጀመሩት እዚህ ቤት ሻይ ጠጥተው ከወጡ በኋላ ነው?»

«ሻዩን እየጠጣሁ ነው የጀመርኩት። በአፌ። እጄ በኋላ ነው የደረሰው።»

አጎትየው ሳቀ፣ ሙሽራውም ሳቀ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። ወረቀቶቹን ደጋግመው አዩና የትኛው የቱ በር ላይ እንደሚሆን ጠየቁ።

«ይሄኛው ዋናው በር ላይ» አለች ልጁ፣ የተንቀጠቀጠውን እያሳየች።

«ጥሩ» አሉ ዳይሬክተሯ። ከዚያ ወደ ጋሽ ፍሬን ዞሩ። «እርስዎ ታዲያ እንግዳ ሆነው አይመጡም። ማለዳ ነው የሚመጡት። በየጠረጴዛው የሚጻፍ ነገር አለ። ከፍ ያለ ወንበር አስመጣለሁ።»

ጋሽ ፍሬን እሺ አለ። ድምፁ እንዲያምር ፈልጎ ነበር፣ ግን እንደ ሠልጣኝ ድምፅ ነው የወጣው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጁ ቁልፉን ተቀበለችው፤ እኔ ልንዳ አለች። ባለቤቱ ከኋላ ገባች። እሱ ከጎን ተቀመጠ። የቤታቸው መኪና በዚያ በኩል ፍሬን የለውም። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንድ ብስክሌት ከሩቅ ብቅ አለ፣ ቀኝ እግሩ ተነሣ።

«እግርህን አባዬ» አለች ልጁ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ጋሽ ፍሬን ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሁለቱንም እግሩን ከወለሉ ብድግ አድርጎ ጉልበቱን አቀፈ። ብስክሌቱ በሰላም አለፈ። መብራቱም አለፈ። መኪናው ሄደ፣ ሳይቆም ሄደ።

«እግርህን አውርድ እንጂ» አለችው ባለቤቱ ከኋላ። «ሰው ያያል።»

ቤት እስኪደርሱ አላወረደም።